እስቲ እንየው ያላለችው አንድ ነገር

እህቴ ሌባ ናት። ይህን የምለው አፌን ሞልቼ ነው፤ ሰምታ ብትቀየመኝም ግድ የለኝም። ከስፌት ሳጥኔ መርፌ ትወስዳለች፣ ክር ትወስዳለች፣ ቁልፍ ትወስዳለች። ከማድ ቤት ብርጭቆ፣ እንቁላል፣ ኮምጣጤ፣ ሻማ ትወስዳለች። አንድ ቀን የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈትታ ይዛው ሄደች፤ ያጠብኩት ልብስ ሁሉ አጥር ላይ ተወርውሮ አገኘሁት። ስትመጣ «ገመዴስ?» አልኳት።

«ልጆቹ ሞገድ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ነበረባቸው። እትዬ ሙች፣ ነገ አመጣዋለሁ» አለችኝ።

ገመዴን ወስዳ በእኔው ትምላለች! ደግሞም በማግስቱ አላመጣችውም።

የሳይንስ አስተማሪ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ዞር እንዳሉ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የዚያኑ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ስለዚህ ልጆቹን ሁለታችንም እናውቃቸዋለን፤ እሷ በጥያቄያቸው፣ እኔ በወገባቸው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን። እኔ አግብቼ ነበር፤ እሱን ሆድ ይፍጀው። እሷን ሊያጩ የመጡትን ደግሞ በየተራ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ፊት እያስቀመጠች «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ትላቸው ነበር። ማን ይቆይላታል?

በትምህርት ቤቱ ትክክለኛ ስሟን የሚጠራት የለም። «ቲቸር እስቲ እንየው» ነው የሚሏት፤ ለጥያቄ ሁሉ መልሷ እሱ ነዋ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ድንጋይና የተጨማደደ ወረቀት እኩል ቢለቀቁ የቱ ይቀድማል?» ቢላት፣ እንደ ሰው መልሱን ነግራው አትገላገልም። «እስቲ እንየው» ትላለች። ከማየቱ በፊት ግን ሁሉም መገመት አለበት። «ድንጋዩ ይቀድማል የምትሉ እጃችሁን አውጡ! እኩል ይደርሳሉ የምትሉስ?» እጁን የማያወጣ ሰው ክፍሏ ውስጥ አይቀመጥም። ወላጅ ይሁን፣ ጥበቃ ይሁን፣ መስኮት ሊጠግን የመጣ አናጢ ይሁን፣ ከገባ ይገምታል፤ ካልገመተ ወደ በሩ ታሳየዋለች። እጇን የማታወጣው እሷ ብቻ ናት። ለምን ሲሏት «እኔማ መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሚገምተው የማያውቅ ነው» ትላለች።

ቤት ውስጥም ያው ናት። አንድ ቀን የደንበኛዬን ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስቆርጥ፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ውሃው ላይ በረዶ ተንሳፍፎ ጫፉ ከብርጭቆው በላይ ወጥቷል። «በረዶው ሲቀልጥ ይፈሳል አይፈስም?» አለችኝ። ይሄ ጥያቄ ነው እንዴ? «ይፈሳል እንጂ! አንሺልኝ አንቺ ልጅ፣ የሰው ጨርቅ ታበላሽብኛለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። አላነሣችም። ጨርቄን ሰብስቤ በብብቴ ይዤ፣ ደሜ እየፈላ በረዶውን ሳየው፣ ሳየው፣ ሟሙቶ አለቀ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ኩም አደረገችኝ። ለካስ የሚንሳፈፍ በረዶ የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ገፍቶ ነው የተቀመጠው፤ ሲቀልጥ የሚሞላው ያንኑ የገፋውን ቦታ ብቻ ነው። ይህን ያስረዳችኝ በኋላ ነው፤ ያውም በብዙ ልመና።

የእኛን መስኮት ብታዩት ታዝናላችሁ። ሰው አበባ ያስቀምጥበታል፤ የእኛው ላይ ጭቃ የሞላ ጠርሙስ ነው ያለው። አፈርና ውሃ በጥብጣ ታስቀምጠዋለች፤ መጀመሪያ ጠጠሩ፣ ከዚያ አሸዋው፣ ከሁሉ በኋላ ድቃቁ አፈር ከላይ ይዘቅጣል። «መሬትም እንዲህ ነው ተደራርባ የኖረችው» ትላለች። ከጠርሙሱ ቀጥሎ እርጥብ ጥጥ ላይ ያደሩ ባቄላዎች አሉ፤ ገልብጣ ብታስቀምጣቸውም ሥራቸው ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል። ከባቄላው ቀጥሎ ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ እንቁላል። አንድ ቀን ልጠብሰው ሳነሣው እጄ ላይ ልፍስፍስ አለ፤ ቅርፊቱን ኮምጣጤው በልቶት በስስ ቆዳው ብቻ ቀርቷል። ጮኼ ጣልኩት። እሷ ማዘን የጀመረችው ለእንቁላሉ ነው። ጨረቃ ለምን እንደምትሞላና እንደምትጎድል ያሳየችኝ ደግሞ የስፌት ወንበሬ ላይ አስቀምጣ፣ ኳስ አስይዛ፣ በአንድ መብራት ፊት እያሽከረከረችኝ ነው። እኔ መሬት ነበርኩ። ኳሱ ላይ ብርሃኑ ሲሞላና ሲጎድል በእርግጥ አየሁ፤ ግን ራሴ ዞሮ እራት ሳልሠራ አደርን።

ይቺ ናት እህቴ። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማታል። ክፍሉ በልጅ ጢም ያለ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ነው የምትውለው፤ ነፋሱ ወደኛ ከሆነ የስፌት መኪናዬን አቁሜ «ይንሳፈፋል የምትሉ!» ስትል እሰማት ነበር። ለብቻዬ እጄን አወጣ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ድምፅዋ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። ጉንፋኑ አልሄድ ሲል አቧራ ነው አልን፣ ጠመኔው ነው አልን። ማር አልኩ፣ ሎሚ አልኩ፣ ትኩስ ውሃ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ የምትናገረው አይሰማም፤ ድምፅዋ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። በግድ ጎትቼ ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፏ አስገብቶ አየና፣ ድምፅ የሚያወጡት ሁለት ስስ እጥፋቶች እንደሆኑ፣ አየር ሲያልፍባቸው እንደሚንቀጠቀጡ፣ አንደኛው ላይ እብጠት እንደበቀለ፣ መቆረጥ እንዳለበት ነገረን። እኔ ልቤ ወለቀ። እሷዬ ምን ትላለች? «እስቲ እንየው!» በዚያ በተዘጋ ጉሮሮዋ! ስክሪኑን ወደ እሷ አስዞራ፣ የራሷን ጉሮሮ እያየች፣ «ውይ፣ እንዴት ያምራል! እትዬ፣ ነይ እይው እንጂ!» ትለኛለች። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ነው ያየሁት። ሐኪሙ እንደዚህ ያለች በሽተኛ አላጋጠመችውም መሰለኝ፣ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ተቆረጠላት። ከዚያ ዝምታ ታዘዘ። መናገር የለም፣ መሳቅ የለም፣ ሹክሹክታ እንኳ ክልክል ነው። አንዲት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የምትለውን በጠመኔ ስትጽፍ፣ ቤታችን ዝም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ «ኧረ በሕግ አምላክ ዝም በይ» እያልኳት ኖሬ፣ ዝም ስትል ቤቱ በላኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ አያታለሁ፤ አለች። ዞር ብዬ አያታለሁ፤ አለች። ግን የለችም።

በዚያ ሰሞን ወሬ የምታመጣልን «ራዲዮ» ነበረች። ራዲዮ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ አፏ የማያርፍ፣ ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው። የቀሚሷን ጠርዝ እንዳስረዝምላት መጥታ፣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ መርፌ ስሰካ፣ እሷ ለእህቴ ስሞታ ታቀርባለች።

«ቲቸር፣ በእርስዎ ቦታ የመጡት መምህር እኮ አይቻሉም!»

እህቴ «ምን አደረጉ?» ብላ ጻፈች።

«ሁሉን ነገር ይነግሩናል! ሻማ ብርጭቆ ቢደፋበት ይጠፋል አሉን። ምክንያቱንም ነገሩን። ሻማውም ብርጭቆውም የሉም! እጃችንን እንኳን አላወጣንም።»

እህቴ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቅ መከልከሉን አስታውሼ ተቆጣኋት። ራዲዮ ስትወጣ ግን ፊቷን አየሁት። እነዚያ ልጆች ናፍቀዋት እያለቀች ነበር። ከክፍሏ ከወጣች በሕይወት ኖራ የምትጠፋብኝ መሰለኝ፤ ፍርሃቴ ይኸው ነበር፣ አልደብቅም።

የዝምታው ጊዜ አለቀና ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። አየና «ቁስሉ ድኗል። ከዛሬ ጀምረው ቀስ እያሉ ይሞክሩ» አላት። የድሮው ድምፅ ይመለስ እንደሆነ ስጠይቀው እጁን ዘረጋ። «ሊመለስ ይችላል፣ ሻካራ ሊሆን ይችላል፣ ብዙም ላይወጣ ይችላል። ሲወጣ ነው የምናውቀው። እዚሁ ይሞክሩት?»

እህቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እንቢ ማለቷ ነው።

ጥሩ፣ ከእኔ ጋር ቤት ልትሞክር ነው አልኩ። ቤት ገባን፤ ሰሌዳዋን አነሣች። በማግስቱም ሰሌዳ። በሳልስቱም ሰሌዳ። «ተፈቅዶልሽ የለም እንዴ?» ስላት ስፌቴን እያመሰገነች ትጽፍልኛለች፤ ወሬ ማስቀየሯ ነው። አንድ ጠዋት በሩን ሳላንኳኳ ብገባ፣ መስታወት ፊት ቆማለች። አፏን ከፍታለች። ጠበቅኩ። መልሳ ዘጋችው።

ያን ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። «አንቺ ሴትዮ! በሰው በረዶና በሰው እንቁላል እስቲ እንየው ስትይ ኖረሽ፣ የራስሽን ጉሮሮ በካሜራ ስታዪ እልል ልትይ ምንም አልቀረሽ፣ አሁን አንዲት «አ» ማለት አቅቶሽ መስታወት ታያለሽ?» አልኳት።

ሰሌዳዋን አነሣች። «ካልወጣስ?» ብላ ጻፈች።

«ካልወጣ አልወጣም! ታውቂዋለሽ!»

አጠፋችና እንደገና ጻፈች። «በረዶው ቢሳሳት የሚፈሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው።»

አንጀቴን በላችው። ሄጄ አቀፍኳት፤ ሌላ ምን አባቴ ላድርግ?

በዚያው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ቤት ድረስ መጡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በተሻለኝ! እንደ ልቤ እሳደብ ነበር። ደግ ሰው ናቸው። በልብስ ክምር መሀል ቁጭ ብለው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ፣ ዓይናቸውን ከእህቴ እያሸሹ ተናገሩ። ይህን የሚያህል ክፍል ያለ ድምፅ እንደማይያዝ፣ እንደገና ጮኻ እንደገና ብትታመም በደሉ የእሳቸው እንደሚሆን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥ ያለና ጥሩ ፀሐይ የሚገባው እንደሆነ ነገሩን።

«ቢሆንም ሳላይ አልፈርድም» አሉ። «ረቡዕ ይግቡና አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ፤ ከኋላ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ክፍሉ ከተያዘ በክፍልዎ ይቀጥላሉ። ካልተያዘ ግን ሰኞ ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ። ይህን ስል ደስ እያለኝ አይደለም።»

እህቴ እሺ ብላ ጻፈችላቸው። የመጽሐፉ ተራ የደረሰው የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ድምፅ የሚለው ላይ ነበር። ካልጠፋ ምዕራፍ!

ረቡዕ ዕቃዋን ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። ትልቁን ጎድጓዳ ሳህኔን፣ አንድ እፍኝ ሩዝ፣ ፊኛ፣ ማስመሪያ ይዤ። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል፤ እኔም አጠገባቸው ተጠጋሁ። ልጆቹ ሲያዩዋት ክፍሉ ተናወጠ። እየጮሁ፣ እያጨበጨቡ፣ ዴስክ እየመቱ። ርዕሰ መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታቸው ጠመኔ አነሣችና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈች።

«ማስመሪያው ከዴስኩ ብዙ ወጣ ብሎ ቢመታ ድምፁ ወፍራም ነው ቀጭን?»

ለማንበብ ዝም ማለት ነበረባቸው። ዝም አሉ። ከዚያ እጅ መውጣት ጀመረ። እህቴ ወደ ኋላ ተመለከተች፤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ጠቆመች። ግራ ገባቸው። «መገመት አለብዎት፣ አለዚያ ያስወጡዎታል» አለቻቸው ራዲዮ። «ቀጭን» አሉ። ማስመሪያው ሲመታ ወፍራም ሆኖ «ዱዱዱ» አለ፤ ሲያሳጥሩት ቀጠነ። ረጅሙ ቀስ ብሎ ነው የሚርገበገበው፣ አጭሩ ቶሎ ቶሎ፤ ይህን ልጆቹ በዓይናቸው አይተው ራሳቸው ተናገሩት። ርዕሰ መምህሩ በመሳሳታቸው ተሳቀባቸው፤ አብረው ሳቁ።

ቀጥላ ፊኛውን ቀድዳ ሳህኑ ላይ እንደ ከበሮ ወጠረችው፣ ሩዝ በተነችበት፣ ራዲዮን ጠርታ በምልክት ጩሂ አለቻት። የተማረችበትን ሥራ አገኘች! ስትጮህ ሩዙ ማንም ሳይነካው ዘለለ። ከዚያም «እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና አ በሉ» ብላ ጻፈች። ክፍሉ በሙሉ «አ—» አለ። ርዕሰ መምህሩ ከረባታቸውን ላላ አድርገው «አ—» አሉ። እኔም አልኩ፤ ጣቴ ሥር ነገሩ ንዝር አለኝ። እውነትም ይንቀጠቀጣል። ስንት ዘመን ስለፈልፍ ኖሬ አላወቅኩትም ነበር።

ሰዓቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ተይዟል፣ ክፍሉ ተይዟል እያልኩ በልቤ ስጨፍር ራዲዮ ቆመች።

«ቲቸር፣ የእርስዎስ ይንቀጠቀጣል?»

ልጅቷ ክፋት የላትም፤ መጠየቅ ያስተማረቻት እህቴ ናት። እህቴ ጠመኔውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ ግን አልጻፈችም። ራዲዮ መልስ እንደማታገኝ ሲገባት፣ ወደ ጓደኞቿ ዞረችና ሥርዓቱን ራሷ ጀመረችው።

«የቲቸር ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!»

እጅ ሁሉ ወጣ። እኔ ሁለቱንም እጆቼን አወጣሁ። ርዕሰ መምህሩ ግራ ቀኝ አዩና ቀስ ብለው አወጡ።

ራዲዮ ግን ወደ እህቴ ተመለከተች። «ቲቸር፣ እርስዎም ያውጡ እንጂ። ዛሬ እርስዎም አያውቁትማ።»

በዚያ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ዓይኗ እኔን ፈለገ። አውጪ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት፤ እንባዬ እየመጣ ነበር። ጠመኔ ያለበት እጇ እስከ ትከሻዋ ወጣ፣ እዚያ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተዘረጋ። ራዲዮ ሮጣ ወጣች። እህቴ ጎንበስ ብላ የልጅቷን እጅ ይዛ አንገቷ ላይ አደረገችው፣ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

ምንም አልሰማሁም። አምላኬን፣ ምንም። ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ።

«አለ!» ብላ ጮኸች ራዲዮ። «አለ! እጄ ላይ ነው! ይንቀጠቀጣል!»

ክፍሉ ፈነዳ። ዴስክ ላይ የወጣ አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ ሩዙ ተበተነ። እህቴ ዘፈን ብትዘፍን እንኳ አይሰማም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ብድግ ብለው «ጸጥታ! ጸጥታ!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው? ከዚያ ግን እህቴ እንደገና አፏን ስትከፍት ያዩ የፊት ልጆች ዝም አሉ፣ ከኋላቸው ያሉት ዝም አሉ፣ እስከ እኛ ድረስ ዝምታው ደረሰ። ያኔ ሰማሁት። የድሮው ድምፅ አይደለም። ቀጭን ነው፣ የተቧጨረ ነው፣ ካልጠበቁት ያመልጣል።

«ተቀመጡ» አለች።

ልጆቹ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩም ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ለቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ሰው መፈለግ ሊኖርብኝ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። እሺም እንቢም አላልኳቸው። ትምህርቱ አላለቀም ነበር፤ ብንንሾካሾክ ታስወጣናለች ብዬ ፈርቼ፣ እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ዝም አልኩ።